ሦስተኛው ሳፋ

ይህ የፈጠራ ታሪክ አይደለም።

ፈጠራማ እንጀራዬ ነው፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ካላመናችሁ ተዉት።

ታይዋን ውስጥ፣ ታይናን ከተማ፣ አክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ ነበርን። የሙታን ወር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

በዚያ ወር ዘመድ ለሌላቸው ሙታን ደጅ ላይ ምግብ እናቀርባለን። መታጠቢያም እናዘጋጃለን። አክስቴ ሹዪን ዕጣን ለኩሰው ሁለት ሳፋ ውሃ አስቀመጡ። ለወንዶቹ ፎጣና ምላጭ፣ ለሴቶቹ ፎጣና ማበጠሪያ።

እኔ ከነፎጣው ሦስተኛ ሳፋ ጨመርኩ።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«እንደኔ ላሉት። ወንድም ሴትም ላልሆኑት።»

አክስቴ ከት ብለው ሳቁ።

«ጂንግያን፣ እንደዚህ ያለ ሰው በዘራችን ኖሮ አያውቅም። አንቺው ነሽ በድርሰትሽ የፈጠርሽው!»

ደሜ ፈላ። «ፈጠርሽው» የምትለዋን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ።

«እንወራረድ» አልኩ።

«እንወራረዳ! ዕጣኑ ነዶ እስኪያልቅ ማንም ካልታጠበበት፣ ድርሰቶችሽን በሙሉ ታጠፊያለሽ። ለልጄ ሰርግም ቀሚስ ትለብሻለሽ።»

እነዚያ ታሪኮች ከጠፉ እኔን የሚመስል ሰው የትም የለም። ግን እልህ ያዘኝና እሺ አልኩ።

ጠበቅን።

ነፋስ የለም። የሞተር ሳይክሎቹ ጩኸት እንኳ ጠፋ...

ጠብ... ጠብ...

ዞር ስንል ሁለቱ ሳፋዎች ጥርት እንዳሉ ናቸው።

የኔው ግን ደፍርሷል። ሳሙና አላስቀመጥኩም፤ አረፋ ግን ነበረው። ፎጣው ተጨምቆ ጠርዙ ላይ ተዘርግቷል።

«አንቺ ነሽ!»

«እጄን ይንኩት። ደረቅ ነው።»

ነኩት።

«ይሁን... የመንገድ መንፈስ ነው» ብለው አንሾካሾኩ። «የኛ አይደለም። የውጭ መንፈስ የቤታችንን ደፍ አያልፍም። በሩ ላይ የተሳሉት ጠባቂ አማልክት የሚያሳልፉት የኛን ሙታን ብቻ ነው።»

ያኔ መሬቱን አየሁት።

እርጥብ የእግር ዱካ... ከሳፋው ተነስቶ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ቤታችን ገብቷል። የአያት ቅድመ አያቶቻችን መሠዊያ ፊት ድረስ።

የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሰፊ አለ፣ ቀጭን አለ፣ የሚያነክስም አለ።

አክስቴ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ድፊው! ሳፋውን አንሺው... ቶሎ!»

«አላነሳም።»

የደፈረሰውን ደፍቼ ንጹሕ ውሃ ሞላሁ።

«ታጠቡ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ቤታችሁ ነው። ማንም አያባርራችሁም!»



ከዚያ ከመሠዊያው በኩል ወለሉ ላይ አዲስ ዱካ ወጣ። ትንሽ ነው፤ የሕፃን እግር። ከላዩ ግን ማንም የለም።

አንድ... ሌላ... ደፉን ተሻገረ።

«ልጄ፣ ነይ ወደዚህ...» አሉኝ አክስቴ፣ እንባቸው እየወረደ።

አልሄድኩም።

ዱካው ጫማዬ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ወዲያው ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ ትንሽ እጅ መዳፌ ውስጥ ገባ።

አልለቀቅሁትም።