አርምሞ የያዘው መንገደኛ

በሚዛን ላይ ያልወጣ ነገር ለእኔ የለም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የማወራህን ስትሰማ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ነው» እንድትል አልፈልግም። ቡራዩ ላይ ጨው፣ ሳሙናና ነጭ ጋዝ ስሸጥ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ጋኔን ሲያወሩልኝ «ታዲያ ጋኔኑ ጨው የሚገዛው ከማን ነው?» እያልኩ እስቅባቸው ነበር፣ ወንዝ ዳር ሰይጣን አየሁ የሚለኝንም የት ጠጅ ቤት እንዳመሸ እጠይቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ንግዱ ደህና ሆኖ ነበር፣ የአምቦ መንገድ መኪና ሳይጭንልኝ የሚያልፍበት ሳምንት አልነበረም፣ ግን እመነኝ፣ ሱቁ በሞላ ቁጥር እንቅልፌ ጎደለ። ጀርባዬን አሳርፌ ጣሪያውን ሳይ አነጋለሁ፣ ቀን ደግሞ ሚዛኑ ላይ ቆሜ አንቀላፋለሁ፣ አንድ ቀን ዘይት ለጠየቀችኝ ሴት ነጭ ጋዝ ልቀዳላት ስል ሽታው ነው ያዳናት። ሚስቴ አሰለፈች ይህን ስትሰማ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ሱቁ ይዘጋና አባቴ ዘንድ ሱሉልታ እንሂድ» አለች፣ «ሞተህ ከማለቅስ ቆመህ ድርቆሽ ስታጭድ ልይህ።»

«እኔ ድርቆሽ ሳጭድ? ማጭዱ ራሱ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅብህ። ሰው እየመረዝክ ከምትኖር ይሻላል።»

እውነቷን ነበር። ሰው ሳልጎዳ ሱቄን ልዝጋ ወይስ እንቅልፌን ላግኝ፣ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፣ አዲስ አበባ ወጣሁና አንድ ፈረንጅ ሐኪም ፊት ቀረብኩ። ደረቴን አዳመጠ፣ ዓይኔን ገለጠ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ግን ባጭሩ ጨረሰው።

«በየማለዳው በእግርህ ሂድ፣ መንገድ ላይም አፍህን አሳርፈው ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«መርፌም የለም?»

«የለም ይላል።»

መርፌ ያልወጋ ሐኪም ቅቤ እንዳልነካው ወጥ ነው፣ እየተናደድኩ ተመለስኩ። ደግሞ የፈረንጁ ምክር የእኛን አገር አያውቅም። አንድ ነጋዴ ዕቃ ሳይዝ፣ ለቅሶ ሳይኖርበት፣ በእግሩ ወዲያ ወዲህ ሲል ከታየ ቡራዩ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰረ። አንዴ ከሰረ ከተባልክ ደግሞ ዱቤ የሚሰጥህ የለም፣ ሳትከስር ያከስሩሃል። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ፣ እንደ ሌባ ከቤቴ ወጥቼ ወደ ገፈርሳ ግድብ መሄድ ያዝኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቃይ ነበሩ፣ እግሬ ብቻ ሳይሆን አፌም አላርፍ አለ፣ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ሳሙና ስሸጥና ስገዛ ነው ግድቡ ጋ የምደርሰው። ከዚያ አንድ ጭጋጋማ ማለዳ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ስገባ፣ በቀኜ በኩል የመነኩሴ ወይባ የለበሰ ረጅም ቀጭን ሰው መቋሚያውን እየተመረኮዘ ሲሄድ አየሁ፣ መቼ እንደደረሰብኝ አላውቅም።

«እንዴት አደሩ አባቴ?» አልኩ። መልስ የለም።

ኦሮምኛ ይሆናል ብዬ «አከም ቡልተኒ?» አልኩ። እሱም የለም።

ያን ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ከግድቡ በላይ ጫካው ውስጥ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ሱባኤ የሚገቡ ሰዎች ትናንሽ ጎጆ አላቸው፣ አንዳንዱ አርምሞ ይይዛል፣ ማለት ሱባኤው እስኪያልቅ ከአፉ ቃል አይወጣም። አርምሞ የያዘን ሰው ደግሞ አይጠይቁትም፣ አያስፈግጉትም፣ ነውር ነው። እኔም አፌን ዘጋሁ። ለነጋዴ ዝምታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? በፍልሰታ ሥጋ ቤት ፊት መቆም ማለት ነው።

ግን አፌ ሲዘጋ ጆሮዬ ተከፈተ፣ ይህን ሳላጋንን ነው የምነግርህ። ያን ያህል ዘመን ስኖርበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ከእግር በታች ሲንኮሻኮሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ዳክዬዎቹ ከውሃው ሲነሱ የሚያሰሙትን ድምፅ፣ የራሴን ትንፋሽ እንኳ አላውቀውም ነበር። ሰውዬው ሳለከልክ ቀስ ይልልኛል፣ ስበረታ ይበረታል፣ ግድቡ ጋ ስንደርስ እሱ ወደ ጫካው ይታጠፋል፣ እኔ ወደ ቤቴ። የዚያን ዕለት ማታ እራት ላይ ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ እንቅልፍ ጣለኝ፣ አሰለፈች ሞተ ብላ ጎረቤት ልትጠራ ስትል ያስቆማት ማንኮራፋቴ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ደስ ያለኝ ጊዜ ነው። በየማለዳው ከሰውዬው ጋር እሄዳለሁ፣ ማታ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ማፏጨት ጀመርኩ፣ ስለ ሱሉልታ ድርቆሽም የሚያነሳ ጠፋ።

አንዳንድ ነገር ግን ነበር። ከመንገዱ በታች ባለ ግቢ ውስጥ ውሻ አለ፣ የመንገደኛውን ሁሉ ሱሪ የቀደደ ውሻ ነው፣ እኛ ስናልፍ ሆዱ ላይ ተኝቶ ጆሮውን ያጥፋል። መቋሚያው ድንጋይ ሲነካ ድምፁ የሚሰማኝ ትንሽ ዘግይቶ ነው፣ ጭጋግ ነው አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ስል ጤዛው ላይ የተረገጠው የእኔ ዱካ ብቻ ነው፣ ቀጭን ሰው ነው፣ አይከብድም አልኩ። ሰው የሚጠቅመውን ነገር እንከን አይፈልግበትም።

በኋላ ጫልቱ፣ እንጨት ተሸክማ አዲስ አበባ የምትወርድ ደንበኛዬ፣ ጨው ልትገዛ መጥታ ሳቀችብኝ።

«ኦቦ ወርቅነህ፣ በማለዳ እዚያ ጫካ ውስጥ ብቻህን ምን ያስቅሃል?»

«ብቻዬን አይደለሁም፣ ከመነኩሴው ጋር ነኝ።»

«የቱ መነኩሴ? ትናንት በአጠገብህ አለፍኩ፣ ሰላም ብልህ ዝም አልከኝ። አንተና ጋቢህ ብቻ ነበራችሁ።»

ሳቅኩ፣ ጨውዋንም መዘንኩላት፣ እጄ ግን ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አሳተው። በማግስቱ ጧፍ ገዝቼ፣ ለአሰለፈች ጥቂት ቀን ሱባኤ እገባለሁ ብዬ፣ ወደ ጫካዋ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ሰውዬውን አገኘዋለሁ፣ አመሰግነዋለሁ፣ ጫልቱም ታፍራለች ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ አባት አጭር፣ ድብልብል ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ በር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘኋቸው።

«አርምሞ የያዘው አባት የት ጎጆ ናቸው?» አልኳቸው።

«ዘንድሮ ሱባኤ የገባ የለም ልጄ። ጎጆዎቹን ሸረሪት ነው የያዛቸው። ወይባ የምለብስም እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ይኸው ጉልበቴ ከዚህ በር አያሳልፈኝም።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን እያሹ እንደ ሕፃን ተረት ሰሙኝ።

«እንቅልፍ ሰጠህ ወይስ ነሳህ?»

«ሰጠኝ አባቴ።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀህ? ጧፉን ወዲህ በለው።»

ሸረሪቱን ጠርጌ አንዱ ጎጆ ገባሁ። ቀን ቆሎዬን እቆረጥማለሁ፣ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ማንም ስለ ሳሙና አይጠይቀኝም፣ እንዲህ ያለ ዕረፍት በዚህ ምድር መኖሩን የሚያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ልወጣ ባልኩበት ማለዳ ግን ጎህ ሲቀድ የመቋሚያውን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ መጣና ደጄ ላይ ቆመ። አላንኳኳም። ሰው ጓደኛውን ሲጠብቅ እንደሚቆም ነው የቆመው። ፈራህ ወይ ካልከኝ ፈርቻለሁ፣ እግሬ ግን ደስ ብሎታል፣ እንዴት ብዬ እንደማስረዳህ አላውቅም። ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። እንደ ወትሮው በቀኜ ነበር። ቁልቁል ወረድን።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም በተገላገልኩ ነበር። ወራት አልፈው አንድ ከሰዓት በኋላ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ምላጭ ሊገዛ መጣ፣ ዓይኑ ዘወትር የሚቀላ፣ ፊቱ የገረጣ ልጅ ነበር፣ ያን ቀን ግን ጉንጩ ሁሉ በርቷል።

«ምን ተገኘ?» አልኩት።

«እንቅልፍ ጋሼ። ገፈርሳ መንገድ ላይ በማለዳ የሚሄዱ ሁለት አርምሞ የያዙ አባቶች አሉ፣ ሰላም ስላቸው ዝም አሉኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ከኋላ ከኋላቸው መሄድ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተመለሰ።»

ከኋላዬ ሰላምታ መስማቴ ትዝ አለኝ። አርምሞ ከያዘ ሰው ጎን እየሄድኩ ማውራት ነውር መስሎኝ ሳልመልስ ቀርቼ ነበር።

«ሁለት ናቸው?» አልኩት።

«ሁለት። አንዱ ረጅም ቀጭን ነው፣ አንዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ዓይነት ሰውነት አለው። ዛሬ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሆነ፣ ቀጭኑ ወደ ኋላ ቀረት አለና እስከ ግድቡ ከእኔ ጎን ሄደ። ወፍራሙ ብቻውን ቀድሞ ሄደ።»

እኔ ግን ያን ዕለት ማለዳ እስከ ግድቡ ድረስ መቋሚያውን በቀኜ ስሰማው ነበር። አንዴም አልራቀኝም።

ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የልጁን ፊት አይተኸው ቢሆን አንተም ዝም ትል ነበር፣ ያገኘውን እንቅልፍ በምን አንጀቴ ልውሰድበት? ምላጩን ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ እያፏጨ ሄደ። ማታም፣ ማመን ያቅትህ ይሆናል፣ ጭልጥ ብዬ ተኛሁ።

ማለዳ መሄዴን አልተውኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቦታ እንዳይጠብ መሃሉን ለቅቄ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ ነው የምሄደው፣ ስንት እንደሆንን አላውቅማ።