ንጉሡ የወረደባቸው ሰባት ሰከንዶች

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ንጉሡ ለአርባ ሦስተኛ ጊዜ አንድ እግሩን እንዳነሣ ደረጃው መሃል ቆሞ ቀረ። በስቱዲዮው ውስጥ ማንም አልደነገጠም። አንዷ ሠራተኛ በንጉሡ ሆድ በኩል አልፋ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ከብርሃን የተሠራ ሰው ስለሆነ ሲያልፉበት ምንም አይሰማም፤ እሷ ግን ከልማድ የተነሣ «ይቅርታ ጃንሆይ» ብላው አለፈች።

ኖላዊ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቀይ መስመር አነበበ።

«ክፍል ስድሳ አንድ። ውጤት ከምክንያት ቀድሟል። መቀጠል አልችልም።»

ይህን የጻፈው ተራኪ ነው። ተራኪ ልቦለድ አንብቦ በብርሃን ሰዎች ፊልም የሚሠራ ማሽን ሲሆን፣ በሰመራ ከተማ ሥር ከምድር በሚወጣ እንፋሎት ኃይል ይሠራል። አንድ ሰው ለምን እንደሳቀ፣ ለምን እንደሸሸ፣ ለምን እንደገደለ ከቀደመው ድርጊት ጋር እንደ ሰንሰለት እያያዘ ይሄዳል። ማያያዣ ሲጎድልበት ይቆማል። የጎደለውን ፈልጎ የሚሞላ ባለሙያ ሰንሰለት ጠጋኝ ይባላል። ኖላዊ በሦስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ሳይጠግነው የቀረ ሰንሰለት አልነበረም።

ዳይሬክተሩ መብራህቱ መጥቶ ከኋላው ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ መብሬ ይለዋል።

«አሁንም እምቢ አለ?»

«አሁንም።»

«ሁለት ሰዓት ነው የቀረን። ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን ተራኪን ለሌላ ስቱዲዮ ያስረክቡታል፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ይጠፋል። አርባ ሰው ሁለት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው ኖላዊ።»

«መፍትሔው እኮ አለ። ሽማግሌው እሺ ቢሉ።»

«እንግዲያስ ጥራቸው።»

ኖላዊ ጥላ-ስልኩን ከፈተ። የሚደወልለትን ሰው በብርሃን ቅርጽ ክፍሉ ውስጥ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ጋሽ ዳምጠው ደብረ ታቦር ካለው ቤታቸው በጋቢ ተጠቅልለው ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የጻፉትም ይህን አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ስለ ደመና አገር ይተርካል። ዘራብ የሚባል በር ጠባቂ ቁልፉን ለክንፋሞቹ ጠላቶች አሳልፎ ይሰጣል፤ የአገሩ ድልድይ ይፈርሳል፤ የንጉሡ ልጅም አብሮ ይወድቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዘራብ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። እዚህ ድረስ ተራኪ አልተቸገረም። በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በደሉን ተናግሮ ምሕረት እንደሚለምንና ተበዳዩ ይቅር ሲለው ድንጋዩ እንደሚወርድለት ማሽኑም ያውቃል። የጋሽ ዳምጠው ንጉሥ ግን ዘራብ ገና አፉን ሳይከፍት ሰባት መቶውን ደረጃ ወርዶ፣ ድንጋዩን ወስዶ፣ በገዛ ትከሻው ይሸከመዋል። ዘራብ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ደህና ዋሉ» አለ ኖላዊ። «አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ምንም አንቀንስም። የዘራብን ልመና ብቻ ሰባት ሰከንድ ወደፊት እናምጣው። ዘራብ ይለምን፣ ንጉሡ ይውረድ። ተራኪ ወዲያው ይቀበለዋል።»

«ሰባት ሰከንድ?»

«ሰባት ብቻ።»

«ልጄ፣ መጽሐፉ ያለው እኮ እዚያ ሰባት ሰከንድ ውስጥ ነው።»

መብሬ ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሽ ዳምጠው፣ ክርስቲያናዊ መልእክቱ ይጠበቅ ባሉን ጊዜ ተራኪ በየጣሪያው ላይ መስቀል ተከለ፣ ለንጉሡ አክሊለ ብርሃን ደፋለት። አውጡልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት!»

«አዎ። አገሩ ሁሉ የንዋየ ቅድሳት ሱቅ መሰለ።»

«መዝሙሩንም አስወጡ።»

«አስወጣሁ። መጽሐፌ ውስጥ መዝሙር የለማ።»

«ታዲያ ይቺ ቅደም ተከተል ብትለወጥ ምን ይሆናል? ተመልካቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አይደለም። እኔም ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ሰው ንጉሡ ለምን ይቅር እንዳለ ማየት ይፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ ጥፋት አይደለም።»

«ጥፋት አይደለም» አሉ ጋሽ ዳምጠው በእርጋታ። «ግን ከተለመነ በኋላ የሚወርድ ንጉሥ ጥሩ ዳኛ ነው። እኔ ስለ ጥሩ ዳኛ አልጻፍኩም። መስቀሉንም መዝሙሩንም ውሰዱ፣ ይቺን ብቻ ተዉልኝ። ካልሆነ በውላችን መሠረት ፈቃዴን አነሣለሁ። ቅር አይበላችሁ።»

መብሬ ተነፈሰ። «የልብ ናሙናም ሞክረናል እኮ።»

የልብ ናሙና ማለት ሁለት ሰዎች የልብ ምት የሚያነብ ቀለበት ጣታቸው ላይ አድርገው አንድን ድርጊት በእውነት ሲፈጽሙት የሚቀረጽ መረጃ ነው። የተራኪ ሕግ ግልጽ ነው፦ በሕያዋን ሰዎች መካከል በእርግጥ የሆነ ነገር፣ ምክንያቱ ባይታወቅም ይመዘገባል። ዘጠኝ ጥንድ ተዋንያን ሞክረው ነበር። ተራኪ ዘጠኙንም «ትወና» ብሎ መለሳቸው።

«ተዋናይ ምን ያደርግላችኋል?» አሉ ጋሽ ዳምጠው። «እዚያ ቤት የበደለ ሰው ጠፋ?»

«የበደለማ ሞልቷል» አለ መብሬ። «ደህና በዳይ ሆኖ በጊዜ የሚመጣ ነው የጠፋው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ዘራብስ መች ደህና ሆኖ መጣ? በርዶት እኮ ነው የመጣው። መሄጃ አጥቶ።»

ጥላቸው ጠፋ። መብሬ ሌላ ተዋናይ ሊፈልግ ሮጠ። ኖላዊ ብቻውን ከተገተረው ንጉሥ ጋር ቀረ።

ከዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ አሁን የተቀመጠበት ወንበር የፍሬሰንበት ነበር። ፍሬሰንበት የስቱዲዮው ትዕይንት አደራጅ ነበረች፤ ስለ ባሕር ሥር ከተማ የሚተርክ ፊልም ላይ ዘጠኝ ወር ሠርታለች። አንድ ቀን ከሰዓት የተራኪ መግቢያ ቁልፏን ክፍት ትታ ወጣች። ኖላዊ አንድ ጥገና ሊሞክር ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ቅጂ ሳያስቀምጥ ሞከረው፤ ዘጠኙ ወር በአራት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። መዝገቡ ላይ የወጣው የእሷ ቁልፍ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ኖላዊ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። እሷን ወደ ልብ ክፍሉ አወረዷት። እዚያ ቀለበቷን እንዳጠለቀች ቀኑን ሙሉ ያላለቁ ፊልሞችን ታያለች፤ ተራኪም የልቧን ምት እያየ ይማራል። ወንበሯን ለኖላዊ ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሰላም ትለዋለች። እሱን የሚያሳምመው ይህ ሰላምታ ነበር።

ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ከሃያ።

ዝም ቢል ፊልሙ ብቻ ነው የሚሞተው፤ ማንም በእሱ አያሳብብም። ቢናገር ወንበሩም ስሙም ይሄዳሉ። ደግሞስ፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ አሁን ለፊልም ሲጨነቅ ይቅርታ መጠየቅ ምን የሚሉት ይቅርታ ነው? ተራኪም «ትወና» ሊለው ይችላል። ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ያጣል።

በርዶት እኮ ነው የመጣው።

ከመሳቢያው አንድ ቀለበት አውጥቶ አጠለቀና ተነሣ።

የልብ ክፍሉ በር ከባድ የብረት በር ነው። መቆለፊያው ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም፣ ከውጭም የሚከፈተው ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከመንገድ ዳር ባመጡት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ደግፈውት ይውላሉ። ኖላዊ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፍሬሰንበት ጀርባዋን ሰጥታው፣ ሹራቧን ደርባ፣ ግድግዳው ላይ የቆመውን ንጉሥ ታያለች። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሣና ትከሻው ላይ አደረገው። ካሰበው በላይ ከበደው።

በሩ ከኋላው ጓ ብሎ ተዘጋ።

ፍሬሰንበት ዞር አለች። ድንጋዩን አየች፣ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለበት አየች፣ ፊቱን አየች። ኖላዊ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አንዱም ቃል አልመጣለትም። መመለሻም የለውም።

«ፍሬ...»

እሷ ግን ተነሥታ ነበር። ሦስት እርምጃ ተራመደች፤ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከትከሻው አነሣችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ይሄ እኮ ወገብ ይሰብራል» አለች። «በዚህ ላይ ዘጋኸን።»

«ቆይ፣ አልገባሽም። ያ ፊልምሽ... የባሕሩ... እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በአንቺ ቁልፍ። ስብሰባው ላይም...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«አንተ መሆንህን። እኔ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ነበር። ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የምስር ሳምቡሳ ፍርፋሪ አገኘሁ። በዚህ ሕንጻ ውስጥ በሥራ ሰዓት ሳምቡሳ የሚበላ ማን አለ?»

ኖላዊ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? ፍርፋሪ ይዤ ልከስህ? ቁልፍሽን ክፍት ትተሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።» ድንጋዩን ወደ ላይ አስተካክላ ያዘችው። «ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩህ። ኧረ ሰለቸኝ እቴ።»

«ዛሬም የመጣሁት ለፊልሙ ብዬ ይሆናል። አላውቅም። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ይሁን።»

ግድግዳው ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ። ሁለቱም አነበቡት።

«ናሙና ደርሷል። ትወና አይደለም። የወንዱ ምት፦ ከፍተኛ ፍርሃት። የሴቷ ምት፦ ድንጋዩን ስታነሣ ለውጥ የለም፤ በደሉን ስትሰማ ለውጥ የለም። ይቅርታው የተደረገው ዛሬ አይደለም። በመፈለግ ላይ።»

«ምን እየፈለገ ነው?» አለች ፍሬሰንበት።

ኖላዊ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አየ። «ያንቺን የድሮ መዝገብ። ቀለበቱን ካጠለቅሽ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይዞታል።»

ከበሩ ውጭ መብሬ እየደበደበ ይጮኻል። ዘጠኝ ከሃምሳ ሆኗል። ጽሑፉ ቀጠለ።

«ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ ሴቷ ወንዱን በምታይበት ጊዜ ሁሉ ምቷ ከመቶ ሃያ በላይ ነው። ይህ ለአሥራ አንድ ቀን ቆይቷል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወርዷል። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በዚያ ቀን ወንዱ አልተናገረም፤ አልለመነም፤ አልካሰም። ምክንያት፦ አልተገኘም።»

ኖላዊ ወደ እሷ ዞረ። «በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምን ሆነ?»

ፍሬሰንበት ትንሽ ያፈረች ትመስላለች።

«ምንም አልሆነም። ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይ እደግማለሁ። አሥራ አንድ ቀን አንዷን ቦታ እየዘለልኩ ነበር የምደግመው፤ ታውቃታለህ የትኛዋን። ያን ቀን መዝለሉ ደከመኝ። በቃ።» ከዚያ ሳቅ አለች። «አሥራ አንዱን ቀን ግን ልገድልህ ነበር፤ መዝገቡ አልዋሸም።»

ጽሑፉ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ንጉሡ ያነሣውን እግር አሳረፈ።

በበሩ በኩል የመብሬ ጩኸት ቆመ። ንጉሡ ደረጃውን ወረደ፤ ተራኪ ከዚህ በፊት ለማንም ንጉሥ ያልሰጠውን አካሄድ ሰጥቶት ነበር፤ ጥድፊያም ክብርም ያልነበረው፣ ብዙ ጊዜ የጠበቀ ሰው አካሄድ። ዘራብ አፉን ሊከፍት ሲል ድንጋዩን ከትከሻው ወሰደለት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ኖላዊ ሳያስበው ይቆጥር ነበር። ሰባት ላይ ዘራብ መናገር ጀመረ። ንጉሡ ድንጋዩን ተሸክሞ እየሰማው ወደ ላይ ወጣ፤ ከፈረሰው ድልድይ ጫፍ ሲደርስም ክፍተቱ ውስጥ አስቀመጠው።

ዘጠኝ ከሃምሳ ስምንት ላይ ፊልሙ አለቀ።

ቁልፍ ሠሪው መጥቶ በሩን ከውጭ ሲከፍተው መብሬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ኖላዊ ዞረ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ና። ያልከውን በጽሑፍ ይዘህ።»

«እመጣለሁ።»

«ወንበሩን ላስቀርልህ አልችልም። ይገባሃል አይደል?»

«የእኔም አልነበረም።»

መብሬ ለፍሬሰንበት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ኖላዊ የልብ ክፍሉን ስክሪን ሊያጠፋ ሲል ተራኪ አንድ ጥያቄ እንዳስቀረ አየ። ክፍል ስድሳ አንድን ከስህተቶች መዝገብ አውጥቶታል። አዲስ መዝገብ ከፍቶ፣ በውስጡ ሁለት ነገር ብቻ አስቀምጧል፤ የንጉሡን መውረድና የአንዲት ሴትን አሥራ ሁለተኛ ቀን። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የዚህን ዓይነት ድርጊት ስም አላውቅም። በሌሎች ሰዎችም ይገኛል?»

የመልሱ ቦታ ባዶ ነበር። ኖላዊ ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቆየ። ስሙን ያውቀዋል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ቃል ነው። ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከልመና በኋላ የሚመጣ ይመስለው ነበር።

«አንተ» አለች ፍሬሰንበት ከኋላው። አሁንም ድንጋዩን አቅፋ ቆማለች። «እጄ ሊቆረጥ ነው። የት ላድርገው?»

ኖላዊ የብረት በሩን አየ። ቀስ እያለ ሊዘጋ ነበር።

«በሩ ላይ አድርጊው» አላት፤ ሄዶም በአንዱ ወገን ያዘላት።