ማብሪያውን የጠበቀው ሰው

ኸይረዲን ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ልደታ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ በተከራያት ወርክሾፕ፣ ከገዛ ማሽኑ ሥር ነው። ያገኘችው ታናሽ እህቱ ሳሚያ ናት። የምሳውን ሳህን ልትወስድ መጥታ በሩን ገፋ ብታደርገው፣ ወንድሟ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ቀኝ እጁ ጠቁሮ አየች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ እሷማ ራሷን አታውቅም ነበር።

ማሽኑ ቦሎቄ ለቃሚ ነው። ቦሎቄው በጎማ ቀበቶ ላይ ሲያልፍ ካሜራ ያየዋል፤ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ቦርድ፣ ራሷን የቻለች ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት ሳትለምን እዚያው አስባ የነቀዘውን ከደህናው ትለየዋለች። የሰፈሩ ሰው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ዞሮ ዞሮ እንክርዳድ ለቀማ ገባ» እያለ ያሾፍ ነበር። ኸይረዲንም አብሮ ይስቃል።

ሥራው የሦስት ሰው ነበር። ኸይረዲን ብረቱንና ሞተሩን፣ ሩሃማ የምትባል መሐንዲስ ቦርዷን፣ ፈሀድ ደግሞ ገበያውን ይዘዋል። ፈሀድ ከኸይረዲን ጋር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አፈር ፈጭቶ ያደገ ጓደኛው ነው፤ ከረመዳን በኋላ ሳሚያን ሊያገባ የኒካሑ ቀን ተቆርጧል። እሑድ ቀብር ላይ መቃብር ገብቶ ኸይረዲንን ያስተኛውም እሱ ነው። ሳሚያ በዚያ ሁሉ መከራ የተደገፈችው የእሱን ትከሻ ነበር።

«የገደለችው ሩሃማ ናት» ያላትም እሱ ነው። «ከእሷ ሌላ ማን አብሮት ነበር?»

ሳሚያ አመነችው። ለቅሶ ልትደርስ በመጣችው ሩሃማ ላይ በሰው ፊት ተፋች። ፖሊስም የዚያኑ ቀን ሩሃማን ያዛት፤ ማክሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር ሚደቅሳ መጣ። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና ማዕዘን ላይ ካለው ኢንቨርተር ፊት ቆመ። ያ ትልቅ ባትሪ ያለው ሣጥን መብራት ሲጠፋ ሞተሩንም ቦርዷንም በአንድ መስመር የሚያንቀሳቅስ ነው።

«ቅዳሜ መብራት ነበር?»

«ረፋዱን ጠፍቶ እስከ ማታ አልመጣም» አለች ሳሚያ።

«ስለዚህ የገደለው ይህ ሣጥን ነው። ግን የሣጥኑ ማብሪያ ጠፍቶ ተገኘ። የሞተ ሰው ተነስቶ ማብሪያ አያጠፋም፣ እህቴ። ወንድምሽ ብቻውን እጁን ያስገባ ነበር?»

«ወላሂ አያደርገውም። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። አንዱ ማሽኑ ውስጥ እጁን ሲያስገባ፣ ሌላው ማብሪያው ጋ ቆሞ ይጠብቅለታል።»

«እንግዲህ የሚያምነው ሰው ቆሞለት ነበር።» ሚደቅሳ ፂሙን ዳበስ አደረገ። «ስልኩስ?»

«አልተገኘም። ስንደውል ዝግ ነው።»

ጥበቃው ጋሽ ሙለታ ተጠሩ። ከምሳ በኋላ ፈሀድ መውጣቱን፣ ሳሚያም መሄዷን፣ ከዚያ ሩሃማ ፊቷ ቀልቶ መውጣቷን ተናገሩ።

«ከእሷ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም፣ ጌታዬ።»

«ጋሽ ሙለታ፣ እዚህ ማዶ ያለው የጎረቤታችሁ ለቅሶ ድንኳን ቅዳሜ ከሰዓት ነው የተተከለው። እርስዎን የመሰለ ጎረቤት ቋሚ ሳይዝ ቀረ ማለት ነው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ያዝኩ፣ ልጄ። እድር ነው፣ እንዴት ይቀራል? እንጀራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው የደበቅሁት። በሩ ብቻውን ነበር።»

ቀጥሎ ፈሀድ ነበር። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ምሳ በልቼ ተክለ ሃይማኖት፣ መለዋወጫ ሱቆቹ ጋ ሄድኩ፤ ለማሽኑ ጎማ ፍለጋ። እስኪመሽ እዚያው ነበርኩ። ባለሱቆቹን ይጠይቋቸው።»

«ጠይቄያለሁ፤ አይተውሃል። ገበያ ግን የገባውን እንጂ የወጣውን አያይም። ጣትህን ምን ነካህ?»

ፈሀድ ፕላስተር ያለበትን ጣቱን አየት አደረገ። «ቅዳሜ ካርቶን ስከፍት ምላጭ ቆረጠኝ። ሳሚያ ከሻሿ ቀድዳ አሰረችልኝ፤ ኋላ በፕላስተር ቀየርኩት።»

ይህን ብሎ ቀና ብሎ ሲያያት፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል የሳሚያ ልብ ሞቅ አለ። ምን ታድርግ፣ ትወደው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሚደቅሳ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበ። ሩሃማ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣች። ሳሚያ ፊቷን አዞረችባት።

«ቅዳሜ ከኸይረዲን ጋር በምን ተጣላችሁ?» ሲል ጠየቃት ሚደቅሳ።

«የቦርዷን ሚሞሪ የገለበጠ ሰው አለ፤ የለፋንበት ሁሉ ወጥቷል አለኝ። 'አንቺ ትሆኚ?' ሲለኝ አንገበገበኝ። ጥዬው ወጣሁ።»

«ይቺ ቦርድ ሰዓት ታውቃለች?»

«ለሰዓቷ የሚሆን ባትሪ የላትም። መብራት ሲጠፋባት ሰዓቷ ይቆማል፤ ስትነሳ ከቆመበት ትቀጥላለች። በእጃችን ነው የምናስተካክላት።»

«ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?»

«ካሜራዋ መሥራቱን እንድናውቅ ቀበቶውን አንድ ፎቶ ታነሳለች። ያስገባሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ለኸይረዲን እንጂ ለሌላ አልነገርኩም።»

ሚደቅሳ ላፕቶፑን ከፈተ። «የእኛ ባለሙያ የመጨረሻዋን ፎቶ አይቶ 'የረፋድ ናት' ብሎ ተዋት። የተጻፈባት ሰዓት እንደዚያ ይላል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ሦስታችሁም እዚህ ነበራችሁ። ግን ገዳዩ ኢንቨርተሩን ሲያበራ ሞተሩ ብቻ አልነበረም የተነሳው። ቦርዷም ነቅታለች፤ ሰዓቷ ደግሞ የቆመው ረፋድ ላይ ነው።»

ፎቶዋ ወጣች። ቀበቶው ላይ ቦሎቄ ተበትኗል፤ መሃሉ የኸይረዲን ስልክ ወድቋል፤ ስልኩን ሊያነሳ የተዘረጋ እጅ አለ። የእጁ አመልካች ጣት በአረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ሳሚያ የሻሿን ቁራጭ ሳትፈልግ አወቀችው።

«ይህማ ጠዋት ነው» አለ ፈሀድ ቶሎ። «ስልኩን ላቀብለው ስል ነው። ጠዋት አይደል ያሰርሽልኝ፣ ሳሚ?»

ሚደቅሳ ወደ ሳሚያ ዞረ። «እህቴ፣ ነገሩ ያለው አንቺ እጅ ላይ ነው። መብራት ሳይጠፋ አስረሽለት ከሆነ፣ ፎቶዋ የረፋድ ናት፤ ሩሃማም ከሰዓት ችሎት ትቀርባለች። ከጠፋ በኋላ ከሆነ ግን ይህ እጅ የገዳዩ ነው።»

ፈሀድ ዓይኑን ሳይነቅል ያያት ነበር። አንድ ቃል ነው የፈለገው። ያ ቃል የሳሚያ አፍ ላይ መጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ ግን፣ ቅዳሜ ምሳ ይዛ ስትገባ ቤቱ እንዴት ጨልሞ እንደነበረ፣ ቁስሉን በስልኳ ባትሪ አብርታ እንዳየችው ትዝ አላት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ፤ እሷን ግን የጣላት ትከሻው ላይ አልቅሳ ሳትጨርስ ነው።

«ምሳ ሰዓት ነው ያሰርኩለት» አለች። «መብራት ከጠፋ ቆይቶ ነበር።»

ፈሀድ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሚሞሪውን የገለበጥከው አንተ ነህ» አለ ሚደቅሳ። «በራስህ ስም ለነጋዴ ሰጠኸው። ሩሃማ ከወጣች በኋላ ነጋዴው ለኸይረዲን መልእክት ልኮ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል፤ ስልኩ የጠፋው ለዚያ ነው። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ይህን እያወቀ እንዴት ማብሪያውን ለአንተ ሰጠህ?»

ፈሀድ እጁን ከፊቱ አወረደ። «ከገበያ ተመልሼ ስገባ አልጮኸብኝም። 'ለሳሚያ ነገ ራስህ ንገራት፤ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ኒካሑን እሷ ታስብበት' አለኝ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ሳሚ፣ አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

«እኔን እንዳታጣ ብለህ ወንድሜን አሳጣኸኝ» አለች ሳሚያ። ድምጿ አልጨመረም። «በዚያው እጅህ አፈር አለበስከው። በዚያው እጅህ እንባዬን ጠረግክልኝ።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከሩሃማ እጅ ፈቱት። ፈሀድን ሊያስነሱት ሲሉ ሳሚያ በእጇ ቆዩ አለቻቸው።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ማብሪያውን ጠብቅልኝ ሲልህ ምን አልከው?»

ፈሀድ መለሰላት፤ ግን ወለሉን እያየ ነው።

«'አይዞህ፣ አለሁ' አልኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሩሃማ የተፈታ እጇን እያሸች ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር። ሳሚያ ሄዳ ፊቷ ቆመች፤ አውፍ በይኝ ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ ሩሃማ ሳትጠብቃት እጇን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት።