የሰባት ቁጥር ክዳን

ሩፋይዳ ጥጡን በቮድካ ነክራ የብርጭቆውን ከንፈር ዙሪያውን ጠረገች። አንዴ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ጥጡን የያዘችው በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ትንፋሿን ይዛለች።

«ትናንትም እንዲሁ ነው ያደረግሽው?» አለቻት ኢንስፔክተር ቦሰና።

«በየቀኑ እንዲሁ ነው፣ እትዬ።»

«ሁሉንም ብርጭቆ?»

«አልኮል የሌለውን ብቻ። ሌላውማ በውስጡ አለው።»

ቦሰና ጎንበስ ብላ አሸተተች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ረጅም፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት።

ቤቱ ከቁስቋም በላይ በዳገቱ ላይ፣ በባሕር ዛፍ መሀል የቆመ አሮጌ ቪላ ነው። ዶክተር ስብሐት የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተከራይቶት መጠጥ በሰው ስሜት ላይ የሚያደርገውን ያጠናበታል። ለጥናቱ ከሚመጡት ሰዎች ግማሾቹ ቮድካ የተቀላቀለበት የማንጎ ጭማቂ ይጠጣሉ፤ ግማሾቹ ባዶ ጭማቂ። ሁሉም አልኮል የጠጡ እንዲመስላቸው የባዶው ጭማቂ ብርጭቆ ከንፈር በቮድካ ይጠረጋል። እሱን «ማስመሰያ» ይሉታል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መሳይ የተባለ የሸጎሌ ሚኒባስ ሾፌር ሰባት ቁጥር ክዳን ያለበትን ብርጭቆ ተቀብሎ ጨለጠው። ፊቱ ቀላ። ደረቱን ይዞ ከነወንበሩ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስም ሞተ። ኪሱ ውስጥ መጠጥ ለመተው የሚዋጥ ክኒን ተገኘ። ያን ክኒን የወሰደ ሰው አልኮል ከቀመሰ፣ ያውም ልቡ ደካማ ከሆነ፣ አይተርፍም። በደሙ ውስጥ አልኮል ነበር። በዝርዝሩ ላይ ግን ሰባት ቁጥር ማስመሰያ ነው።

ዶክተር ስብሐት ገና ሳይነጋ ደብዳቤ ጽፎ ለፖሊስ ሰጥቷል። ጥፋቱ መጠጡን የምትቀላቅለው የሩፋይዳ ነው ይላል። ጣቢያው ለቦሰና የሰጣት ጊዜ እስከ ቀትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሩፋይዳ ትታሰራለች። አባቷ አሽረፍ ሸጎሌ ጨርቅ ይሸጣል። ልጄ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው እያለ ለደንበኞቹ ያወራል፤ በላብራቶሪው ውስጥ ምን እንደሚቀዳ ግን አልነገረችውም።

«ተሳስተሽ ይሆናል» አለች ቦሰና።

«አልተሳሳትኩም።» ሩፋይዳ ከመሳቢያው ደብተር አወጣች። «እኔ አልኮል ቀምሼ አላውቅም፤ ጠረኑንም አልለየውም። የማውቀው በክብደት ነው። አልኮል ከጭማቂ ይቀልላል። ስለዚህ ቀላቅዬ ስጨርስ እያንዳንዱን በሚዛን እመዝናለሁ። ይኸው፣ ሰባት ከባድ ነው፤ ባዶ ጭማቂ ነው። ስምንት ቀላል ነው።»

«ቁጥሩን የት ነው የምትለጥፊው?»

«ክዳኑ ላይ። ብርጭቆው ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋል፤ ወረቀት አይዝም።»

ቦሰና ዓይኗን ጨፈነች፤ ቆይታም ገለጠች።

ኮሪደሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከእንጦጦ የወረደው ጉም በመስኮቶቹ ላይ ተለጥፎ ቀኑን የመሸ አስመስሎታል። በሩ ወለል ብሎ በተከፈተው ክፍል ውስጥ የመሳይ ወንበር እንደወደቀ ነው፤ ማንም አላነሣውም። የሚያልፉት ሁሉ ሰው የተኛበት ይመስል እግራቸውን ያቀልላሉ።

ነርሷ ሠርካዲስ ትናንት ከዚሁ ኮሪደር ዳር ባለው ጓዳ የሰዎቹን የደም ግፊት ስትለካ ነበር። መሳይን መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ብላ እንደጠየቀችው፣ እሱም አልወስድም እንዳላት ተናገረች። ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

«አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን። ባለፈው ዓመት መድረክ ላይ ወጥቶ ጌታ በአንድ ቀን ከመጠጥ ፈታኝ ብሎ መሰከረ። ጉባኤው በሙሉ እልል አለ፤ እኔም ነበርኩ። ታዲያ በየትኛው አፉ ክኒን እውጣለሁ ይበለኝ?»

«ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ማን ነበር?»

ብርጭቆዎቹን ከወጥ ቤት በትሪ የሚያመጣው ዋቅቶላ እንደሆነ ነገረቻት። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ እሷ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጓዳ አስገብታ ትለካለች። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ትናንት ዋቅቶላ በር ላይ መጥቶ፣ ክኒኑን የሚወስድ ሰው ትንሽ አልኮል ቢነካ ምን ይሆናል ብሎ ጠይቋት ነበር። ስለ አንድ ጎረቤት የሚያወራ መስሏት፣ ይሞታል፣ አትቀልድ ብላዋለች።

ዋቅቶላ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሯል። መሳይን ያመጣው እሱ ነው። አንድ ተጠኚ ስለቀረ፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን የቤተ ክርስቲያን ወንድሙን ከሸጎሌ ጠርቶ ነበር። የመጠጡን ነገር ቦሰና ሳትጠይቀው ጀመረው።

«መሳይ የጠጣው ንጹሕ ጭማቂ ነው። እምላለሁ።»

«የእናንተ ሰው ይምላል እንዴ?»

አንገቱን ደፋ።

«አልኮሉን የጠጣው ጋሽ ሾዴ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ሲጨፍር ሁሉም አይቶታል። መሳይ በሌላ ሕመም ነው የሞተው፤ ወይ ልጅቷ ሁለቱም ውስጥ ጨምራለች።»

ስምንት ቁጥር የደረሰው ጋሽ ሾዴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቦሰና ስታነጋግረው ትናንት እግሩ መሬት እንዳልነካ፣ የአውራጃ ከተሞችን በዜማ እንደጠራ፣ ቤቱም ሲገባ ባለቤቱ ሳሎን እንዳስተኛችው አልደበቀም። ብርጭቆውን ግን አልጨረሰውም ነበር። ራሴን እንዳያዞረኝ ፈርቼ ከግማሽ ተውኩት አላት።

ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቦሰና አምስቱንም የወደቀው ወንበር ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዶክተር ስብሐት በር አጠገብ ቆመ፤ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ሩፋይዳ ሚዛኗን ይዛ ገባች። ቦሰና ከፖሊስ ሳጥን ውስጥ የሾዴን ግማሽ ብርጭቆ አውጥታ ከፊቷ አስቀመጠችው።

«መዝኚው።»

ሩፋይዳ በትንሹ መስፈሪያ ባዶ ጭማቂ መዘነች። በዚያው መስፈሪያ ቮድካ የተቀላቀለበትን መዘነች፤ ቀለለ። በመጨረሻ የሾዴን ትራፊ ቀዳች። ቁጥሮቹ ጥቂት ተወዛወዙና ቆሙ።

«ባዶ ጭማቂ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ታዲያ ያን ሁሉ የጨፈርኩት በማንጎ ነው?» አለ ጋሽ ሾዴ። የሳቀ የለም።

«በማንጎ ነው» አለች ቦሰና። «የእርስዎ ጭፈራ ነው ሁላችንንም ያሳሳተን። ይህች ልጅ ሰባትን ጭማቂ፣ ስምንትን አልኮል አድርጋ መዝናለች፤ ደብተሯም ሚዛኗም አይዋሹም። ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ግን ተገላብጠው ነበር። ቁጥሩ ክዳን ላይ ስለሆነ ክዳኖቹን ማቀያየር ይበቃል። እሷ መግደል ብትፈልግ ኖሮ ወጥ ቤት ውስጥ ጨምራ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ የሚያጋልጣትን ቁጥር ለምን ትጽፋለች?»

«ከእሷ ሌላ ዝርዝሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለ ዶክተሩ። «ልትይኝ የፈለግሽው...»

«እርስዎ ትናንት ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ ተማሪዎችዎን ጠይቄያለሁ። ሠርካዲስ ደግሞ መሳይ ክኒን እንደሚወስድ አታውቅም፤ ለመግደል የሚያነሣሣት ነገርም የለም። ክኒኑን የሚያውቅ፣ ስለ ክኒኑ የጠየቀ፣ ከትሪው ጋር ብቻውን የቆየ አንድ ሰው ነው። እሱም ክዳን እንዲከፍት ያልተፈቀደለት ሰው የመሳይ መጠጥ ንጹሕ መሆኑን ማለልኝ። በምን አወቀ? ከፍቶ አሽትቷል። ይህ ሰው ግን ሊገድል አልነበረም።»

ወደ ዋቅቶላ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«መሳይ ምን አለህ፣ ልጄ?»

ዋቅቶላ የወደቀውን ወንበር አየ። ከውጭ ከባሕር ዛፎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማ ነበር።

«እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው የነገረኝ። ‹ዋቅቶ፣ ክኒን ላይ ነኝ፤ ለማንም እንዳትናገር› አለኝ። አይጠጣ ብል፣ ዶክተሩ ሳታጣራ ሰው አመጣህ ብሎ ያባርረኛል፤ እሱም በሠርካዲስ ፊት ያፍራል። ክዳኖቹን ከፈትኩ። ሰባቱ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ስምንቱ ማንጎ ማንጎ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ክዳኖቹን አቀያይሬ የማይሸተውን ሰጠሁት።»

ሩፋይዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዋቅቶላ» አለች፣ «የሚሸተው እኮ ጭማቂው ነው። ከንፈሩን በጥጥ የምጠርገው እኔ ነኝ። አልኮሉ ከማንጎው ሥር ስለሆነ፣ ቀዝቃዛም ስለሆነ አይሸትም።»

ቀና ብሎ አያት። አንድ ጊዜ ዶክተሩን፣ አንድ ጊዜ ሠርካዲስን አየ። የሁለቱም ፊት ያውቁ እንደነበር ነገረው።

«እንዳያውቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ ዶክተር ስብሐት ወለሉን እያየ። «አቅራቢው ካወቀ በፊቱ ያስነቃል ብዬ ነው።»

«አመሰገነኝ» አለ ዋቅቶላ ለማንም ሳይሆን። «‹ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ› ብሎኝ ነው ያነሣው። ሲወድቅም ከእኔ አይደለም፣ የእሱ ንጹሕ ነው እያልኩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ስል ነው ያደርኩት።»

ቦሰና ከቦርሳዋ ደብዳቤውን አውጥታ ዶክተሩ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዋቅቶላን በክንዱ ደግፋ አስነሣችው። ወደ በሩ ሲሄዱ ወንበሩ አጠገብ ቆም አለ፤ ሊያነሣው እጁን ዘረጋ፤ መልሶም ሰበሰበው። ዞረው አለፉት።

ቤቱ ጭር ሲል ሩፋይዳ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ጠዋት ለማሳያ የጠረገችው ብርጭቆ እንደቆመ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ስታዞርበት የኖረችውን ከንፈር ወደ አፍንጫዋ አቀረበች። አሁንም ይሸታል።

በሳሙና አጠበችው። አሸተተችው፤ ደግማ አጠበችው። በሦስተኛው ምንም አልነበረበትም። በንጹሕ ፎጣ አደረቀችው፤ መደርደሪያው ላይ አፉን ደፍታ አስቀመጠችው፤ ፎጣውንም አጥፋ አጠገቡ አኖረች።