የዴንማርኩ ባላባት ወንበር

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ፀጉሬ የሸበተው በጋዜጠኝነት ነው፣ «እገሌ ቤት ሰይጣን ገብቷል» ተብዬ ሄጄ ኮርኒስ ላይ የሚሯሯጥ አይጥ አግኝቼ ተመልሻለሁ፣ «ማታ ማታ ከሰማይ ድንጋይ ይወርዳል» ተብዬ ሄጄ በአከራዩ የተናደደ ተከራይ አግኝቻለሁ፣ ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አየ?» ብዬ ነው። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም፣ እዚያው ነበርኩ። አየሁ ለማለት ይከብደኛል፣ ያየሁት ነገር የለምና፤ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ጊዜው ኢሕአዴግ አገር የሚያስተዳድርበት፣ አዲስ አበባም በየአቅጣጫው ወደ ገበሬ ማሳ የምትገፋበት ነበር። ወሰን ከሚባለው ሰፈር ወደ እንጦጦ ሥር ሽቅብ ሲወጣ፣ የባሕር ዛፉ ጫካ ከመጀመሩ በፊት፣ ጥቂት የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ነበር። ነዋሪዎቹ ድሮ ያንኑ ዳገት ያርሱ ነበር፣ እርሻው ሲሄድ ቤትና ጓሮ ቀረላቸው፣ የይዞታ ካርታ ግን አንዳቸውም አልነበራቸውም። ቦታው ለልማት ስለተፈለገ ለኪዎች መጥተው የሚፈርሱትን ቤቶች ቀይ ቀለም ሊቀቡ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰን፣ አለቃዬ «ዋዜማው ላይ ሂድና እዚያው እደር፣ ጠዋት ሲመጡ ጠብቃቸው» አለኝ። ማደሪያ አላጣሁም፣ ከነዋሪዎቹ አንዱን፣ አቶ ቶሎሳን፣ ከዚያ በፊት አውቃቸው ነበር።

ያወቅኳቸው በአንድ ዴንማርካዊ ምክንያት ነው። ሚስተር ኒልስ ይባሉ ነበር፣ በአንድ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ «አገሬ አልገባም» ብለው ከቀድሞ ተማሪያቸው ከአቶ ቶሎሳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማሩ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «እርስዎ» ነው የሚሉት፣ የግቢው ውሻ ሲጮህባቸው «እባክዎ ዝም ይበሉ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እመኑኝ። ስለ ኑሯቸው ልጽፍ ሄጄ ሳነጋግራቸው፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግማሹን የያዘ አንድ ወንበር አየሁ፣ ከጥቁር ከባድ እንጨት የተሠራ፣ መደገፊያው ከሰው ቁመት የማያንስ፣ እጀታዎቹ ጫፍ ላይ የተቀረጹት የአንበሳ ራሶች በእጅ ብዛት አልቀው ፊታቸው የጠፋ።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«የአንድ ባላባት ነው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የኖረ።»

ከዚያ አወሩልኝ። በዚያ ዘመን በአገራቸው መኳንንቱ የንጉሡ አማካሪዎችም፣ የሰፋፊ ርስት ጌቶችም ነበሩ። ይሄኛው ከተማ ሲሄድ በንጉሡ ምክር ቤት ተቀምጦ ስለ ጦርነትና ስለ ግብር ይመክራል፣ ወደ ርስቱ ሲመለስ ደግሞ ዙሪያውን በውኃ በተከበበ የድንጋይ ቤት ይኖራል፣ ገባሮቹ በሳምንት ውስጥ የተወሰነውን ቀን የራሳቸውን እርሻ ትተው የሱን ያርሳሉ። ከተማ ለንጉሡ መነሳት ስላለበት ነው መሰል፣ አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ እንዲነሳለት ይፈልጋል። አንድ ቀን ከቤቱ አጠገብ ያለውን መንደር አስፈርሶ፣ ሰዎቹን በትኖ፣ ቦታውን ከራሱ ማሳ ጋር ቀላቀለው።

«ከሞተ በኋላም ሲመሻሽ ይመጣል ይላሉ» አሉኝ ሚስተር ኒልስ። «ባዶ ካገኘ ይቀመጣል፣ የተቀመጠበት ቦታም ርስቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመጣም አይነሳለትም። አያቴ እዚያ ቤት ገረድ ነበረች፣ ቤቱ ሲሸጥ ይህን የሚፈልግ ጠፍቶ ለእሷ ተረፈ።»

«እርስዎ ያምናሉ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አላምንም» አሉና የእጀታውን አንበሳ እየዳበሱ «ግን እቀመጣለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አያቃጥሉትም?»

«ካቃጠልኩት በኋላ የት ሊቀመጥ እንደሚችል ማን ያውቃል?» ብለው ሳቁ። «በእናንተ አገር ግን ይህ ሥራ ከባድ ነው። እናንተ ‹ኖር› ትላላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማን እንደ ገባ የምታዩት።»

ከጽሑፌ ይህን አወጣሁት፣ ተረት ነው ብዬ። ሚስተር ኒልስ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው አረፉ፣ ወንበሩ ለአቶ ቶሎሳ ቀረ፣ መቀመጡም እንደዚያው።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ክረምት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ዘንቦ አባርቶ ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ አቶ ቶሎሳ ፋኖስ ለኩሰው መሀል ቤት አስቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ አልጋ ጫፍ ላይ፣ እኔ በጠፍር በተጠለፈ ሰፊ በርጩማ ላይ ተቀምጠናል።

«ጋዜጠኛ ቤታችን አደረ ብዬ ነገ ለጎረቤት አወራለሁ» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ። «ጎረቤት ከተረፈኝ ነዋ!»

«ይች ሴት ቤቷ ሲፈርስም ትቀልዳለች» አሉ ባለቤታቸው።

«ባለቅስ አይለኩንም?»

አቶ ቶሎሳ አልሳቁም። «አባቴ እዚህ ተወለደ፣ እኔም እዚህ፣ ልጆቼም እዚህ» አሉኝ። «ቀለሙን ከቀቡን ወዴት ሂዱ እንደሚሉን የነገረን የለም። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ይተዉናል?»

እንደማይተዋቸው አውቅ ነበር፣ «እንጽፈዋለን» ብቻ አልኩ። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩና፣ ብርሃኑ ማለቁን ሲያውቁ ተነስተው፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን አጨማደው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፈገግ አልኩ።

«አይሳቁ ወንድሜ» አሉኝ ወይዘሮ ጫልቱ። «ባለፈው በዚህ ሰዓት ፓስተራችን መጥተው ይሄ ሰውዬ አልነሳም ብሎ፣ እስካሁን ተቀይመውናል። ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ባሌ ለዴንማርክ ጌታ ተረኛ ነው ልበል?»

እየሳቅን ሳለን ነው ውሻው ዝም ያለው። ያ ውሻ ከመጣሁ ጀምሮ ቅጠል ሲወድቅም ይጮህ ነበር፣ አሁን ግን መጮኹን አቋርጦ በሆዱ እየተሳበ ገባና አልጋው ሥር ተወሸቀ። የቆርቆሮው የግቢ በር ተንቋቋ፣ ነፋስ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ እርምጃ ተሰማኝ፣ ጭቃው ላይ ዝግ፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው እርምጃ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አንድ ሳል፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሌላ አጠር ያለ ሳል።

ያን ሳል አውቀዋለሁ። አባቴ ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት እንዲያ ነበር የሚያደርገው፣ ሴቶቹ እንዲዘጋጁ ብሎ። አባቴ ደግሞ እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው የሞተው።

በሩ ተከፈተ። ደጃፉ ላይ ማንም አልነበረም፣ ጭጋግና ከኋላው የባሕር ዛፉ ጥቁረት ብቻ። ይህን ያየሁት ግን ቆሜ ነው፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ «ኖር» የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ወይዘሮ ጫልቱም ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። ወደ አቶ ቶሎሳ ዞርኩ። ሁለቱን የአንበሳ ራሶች ጨብጠው ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነስተዋል፣ ዓይናቸው ባዶው ደጃፍ ላይ ነው።

«ሚስተር…» አሉ፣ በልጅ ድምፅ።

«ታኢ!» ብለው ጮኹ ሚስታቸው በኦሮምኛ። «ታኢ! ሂን ከኢን!» ተቀመጥ፣ አትነሳ ማለታቸው ነው፣ ራሳቸው ቆመው።

በዚያ ሰዓት አቶ ቶሎሳን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ትግል ሁለተኛ አያይም። ለመነሳት የሚገፋቸው ፍርሃት አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ የሚገፋቸው አክብሮት ነበር። እንባቸው ፂማቸው ላይ እየወረደ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የፋኖሱ ነበልባል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ወዲያ ወዲህ አላለም። እርምጃው ገባ፣ ወንበሩ ፊት ደርሶ ቆመ፣ ረጅም ጊዜ ቆመ። አለፈ ብዬ ልተነፍስ ስል፣ ከኋላዬ ጠፍር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ከባድ ሰው ሳይቸኩል ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ እየቆየ፣ እየተለጠጠ።

ዞርኩ። የተነሳሁበት በርጩማ ባዶ ነበር። መሀሉ ግን ወደ ታች ረግቧል፣ ረግቦም ቀረ።

ሦስታችንም የጠበቅነው ወንበሩን ብቻ ነበር።

ጋዜጠኛ ነኝና እጄን አጣጥፌ አልቆምኩም። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ ጭቃው ላይ የእኛው ዱካ እንጂ ሌላ የለም፣ የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከዚያ ባልና ሚስቱን ለየብቻ ጠየቅኳቸው፣ ምስክር የሚጠየቀው እንደዚያ ነውና። ወይዘሮ ጫልቱ «እናቴ ናት፣ ከዘራዋን ስትተክል አወቅኳት» አሉኝ፣ እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አቶ ቶሎሳ «ሚስተር ኒልስ ናቸው፣ ግራ እግራቸውን ሲጎትቱ ሰማሁ» አሉኝ። እኔ የሰማሁትን አልነገርኳቸውም። ሦስት ሰው አንድ እርምጃ ሰምቶ፣ እያንዳንዱ ቁጭ ብሎ ሊቀበለው የማይችለውን ሰው ሰማ፣ ይህን የትኛው ነፋስ እንደሚያደርገው እስካሁን አላወቅኩም። በርጩማውን ያነሳ የለም፣ የተቀመጠበትም የለም።

ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ ለኪዎቹ መጡ። መሪያቸው ባርኔጣ ያደረገ፣ ደልደል ያለ፣ ንግግሩ የሚያስደነግጥ ሰው ነበር፣ ሴቶቹ ሲለምኑት «እኔን አታልቅሱብኝ፣ የታዘዝኩትን ነው» እያለ ግድግዳውን ሁሉ በቀይ ቀለም አስቀባ። አቶ ቶሎሳ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰውዬው ገፋ አድርጓቸው «ይሄስ የማን ነው?» እያለ ጭንቅላቱን አስገባና ቀጥ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ በርጩማው ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አይነሱ፣ በእግዚአብሔር አይነሱ» አለ፣ የኋሊት እየተራመደም ወጣ። ቀለም ለያዘው ሰው «ይሄ ይለፍ» አለው።

ሮጬ ደረስኩበት። «ለምን አለፋችሁት?»

«ባለቤቱ አሉ እኮ።»

«ባለቤቱ አቶ ቶሎሳ ናቸው፣ በሩ ላይ የገፏቸው።»

በንቀት አየኝ። «አንተ ደግሞ፣ ባለቤት ይቀመጣል እንጂ በር ላይ ይቆማል እንዴ?»

ሰፈሩ ፈረሰ፣ ጎረቤቶቹ ከከተማው ዳር ወደ ራቀ ቦታ ሄዱ፣ እኔም የፈረሰውን ጻፍኩ፣ አንድ ቤት መቅረቱን ጻፍኩ፣ ምክንያቱን አልጻፍኩም። ከዓመታት በኋላ በኮተቤ በኩል ጉዳይ ገጥሞኝ፣ እግሬ ወደዚያ ዳገት ወሰደኝ። ጎረቤቶቹ የነበሩበት ዳገት በሙሉ በድንጋይ አጥር ተከቦ፣ ውስጡ ሣር ለብሶ፣ ከፍርግርግ የብረት በሩ ጀምሮ ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሎበታል፣ ጫፉ ላይ መስኮቶቹ የተዘጉ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሟል። የአቶ ቶሎሳ የጭቃ ቤት ከአጥሩ ውስጥ፣ ጥግ ላይ አለች። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው፣ የዘበኛ ልብስ ለብሰው።

«ማን ቀጠረዎት?» አልኳቸው ከተሳሳምን በኋላ።

«የቀጠረኝ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ልብሱ በር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።»

«ባለቤቱን አይተዋቸዋል?»

«ማታ ማታ ይገባሉ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በእግራቸው።»

ስለ ወይዘሮ ጫልቱ ጠየቅኳቸው። ደህና ናት አሉኝ፣ አሁን ግን ብዙ አትቀልድም፣ ቤት ውስጥም ቆመን ነው የምንበላው አሉኝ። የግቢውን በር እየዘጉ ሰማዩን አዩና ተጣደፉ።

«ልሂድ እንግዲህ፣ መሽቷል፣ ልቀመጥ።»

«አሁንም ይቀመጣሉ?» አልኳቸው። «አቶ ቶሎሳ፣ አሁን ምን ያደርግልዎታል? ሁሉንም ወስዶታል እኮ!»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ወንበሯ ትቀረኛለች» አሉ፣ «የኔ የምለው እሷን ብቻ ነው።» እንደ ወጣት እየሮጡ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ እጆቼን ኪሴ ከትቼ፣ ወደ ወሰን የሚወስደውን ቁልቁለት እያየሁ ቆሜ ነበር። አቶ ቶሎሳ መቀርቀሪያውን ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን እመሰክራለሁ። ከኋላዬ ያ የብረት በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። አልዞርኩም። ሁለቱንም እጆቼን ግን ከኪሴ አውጥቼያቸው ነበር።