ሦስተኛዋ ፉጨት

ጠዋቱ እንደ ሌሎቹ ጠዋቶች ነበር። የወንዝ ውሃ ለኪዋ ከድንኳኗ ወጥታ ፊቷን ታጠበች፤ ጫማዋን አራግፋ አጠለቀች፤ ደረቅ ብስኩት ነከሰች። ያኔ የፊት ጥርሷ ሽፋን፣ ሐኪሞች ክራውን የሚሉት፣ ተነቃነቀ።

ሽፋኑን የሠራላት ባሏ ነው። ሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበር። ቀለሙን ከሌሎቹ ጥርሶች ጠቆር አድርጎት ስትቆጣው፣ «ቆይ፣ ይደርሱበታል» ብሏት ነበር። ደርሰውበታል። እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ይቅርብን፤ ሐኪም ይየው» አላት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የመለኪያውን ዘንግ እንደተሸከመ።

«ወንዝ ለአንድ ጥርስ ብሎ አይጠብቅም። በአንድ በኩል አኝካለሁ።»

አፋፉ ላይ ገመድ ያዡ ጠበቃቸው። ኮሽታ ስለማያመልጠው «ጆሮ» ይሉታል። አንድ በአንድ ወደ ሸለቆው አወረዳቸው።

«ሲጨርሱ ያፏጩልኝ፣ አለቃ። ሬዲዮኑን አላምነውም» ሲል ከላይ ጮኸ።

በወንዙ ዳር ቁልቁል ሲጓዙ ጉሙ ወረደ፤ ሰማዩን ዘጋው፤ አፋፉንም ዋጠው። ከወንዙ እጥፋት ሲደርሱ ከበላያቸው የዝንጀሮ መንጋ ደነበረ። ድንጋይ ተናደ። ዋርሳዋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ ሬዲዮኑ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀና ሲሉ ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ግንድ እያንከባለለ ይመጣል። የመጡበት መንገድ የለም።

ከጎናቸው አንድ የድንጋይ እርከን ነበር። የቦርሳውን ማንገቻ በጥርሷ ነክሳ፣ በሁለት እጇ ድንጋዩን እየቧጠጠች ወጣች፤ ዋርሳዋን ብብቱን ይዛ ጎተተችው። ማንገቻውን ስትለቅ ሽፋኑ አብሮ ወጣ። መዳፏ ላይ ተፍታ አየችውና ደረት ኪሷ ከትታ ቆለፈችው።

እርከኑ ሁለት ሰው ተጣብቆ የሚቀመጥበት ብቻ ነው። ከበላይ ለስላሳ ገደል፣ ከበታች ውሃ። ድንጋዩ ላይ አንድ ጭረት መርጣ ትጠብቅ ጀመር። ጭረቱ ሰጠመ። ሌላ መረጠች፤ እሱም ሰጠመ።

«ስንት ጊዜ አለን?» አላት።

«አንድ ሰዓት አይሞላም።»

ጮኹ። ወንዙ ድምፃቸውን በላው። ምላሷን አጥፋ ለማፏጨት ሞከረች፤ በክፍተቱ ነፋስ ብቻ ወጣ።

«ይቺማ የተበሳ ጎማ ናት» አለ ዋርሳዋ።

«እስቲ አንተ ሞክራ!»

«እኔ? ትኩስ ሻይ እንኳ እፍ ማለት አልችልበትም።»

ከቦርሳው ቁራጭ ሻማ አወጣች፤ ሰሙን በጣቶቿ እስኪለሰልስ አሸችው። ኪሷን ከፈተች። ዋርሳዋ ሽፋኑን ሲያይ ቀልዱን ተወ።

«እትዬ፣ ወንድሜ የሠራው እኮ ነው። ሰም አይዘውም።»

«አውቃለሁ።»

ሽፋኑን በሰሙ አጣብቃ አፏጨች። ጠራ ያለ ፉጨት ገደሉን ወጣ። ከሩቅ፣ ከወንዙ ሽቅብ፣ ጆሮ በፉጨት መለሰላት። ሁለተኛ አፏጨች። መልሱ ቀረበ፤ ጆሮ በአፋፉ ላይ እየሮጠ ነው። ሰሙ ግን ተሰነጠቀ፤ ሽፋኑ ምላሷ ጫፍ ላይ ተወዛወዘ። በጣቷ ያዘችው። አሁን ብታወጣው ኪሷ ይገባል።

ጆሮ እንደገና አፏጨ። አሁን ከወንዙ ቁልቁል ነው፤ በጉሙ ሳያያቸው አልፏቸው እየራቀ ነው። ውሃው ጫማዋን ነካ። ዋርሳዋ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ጣቷን አነሳች፤ ደረቷ እስኪሞላ ተነፈሰች፤ ባላት ኃይል ሁሉ አፏጨች። ሽፋኑ ከትንፋሿ ጋር ወጣ። ትንሽ ነጥብ ሆኖ ውሃው ላይ ታየ፤ ከዚያ አልታየም።

ገመዱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ዋርሳዋን አስራ ላከችው። ተራዋ ደርሶ አፋፉ ላይ ስትወጣ ጆሮ እያለከለከ፣ «ሦስተኛዋ ባትኖር እኮ ታች መንደር ደርሼ ነበር፣ አለቃ!» አላት።

«እኔማ ነግሬሃለሁ፤ ጎማዋን እስክትፈነዳ ነው የነፋቻት» አለ ዋርሳዋ፣ እግሩን እያሸ።

ሳቀች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምተዋት አያውቁም፤ አፏንም በእጇ አልሸፈነችም።

በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ታጠበች፤ ጫማዋን አራግፋ አጠለቀች፤ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክራ በላች። ምላሷ ቦታውን ፈልጎ አገኘው። ባሏ የሠራላት የፊት ጥርስ ሽፋን የለም።