የጋሽ ደገፉ ነጥብ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ ጎረቤቶቼ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «ጨጓራችሁን ታከሙ» እያልኩ የምስቅ ነርስ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ይህን ቢያወራኝ ያንኑ ነው የምለው።

አሰላ በምሠራበት ክሊኒክ ጋሽ ደገፉ የሚባሉ ቁስል የሚያጥቡና የሚያሽጉ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ፣ ቁጡ፣ ግን እንደ አባት የምወዳቸው። የሠርግ ወር በመጣ ቁጥር አሮጌ አንሶላ ቀቅለው፣ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ እንስራውን ሁሉ ውሃ ይሞላሉ። «ጋሼ፣ ስንት ሙሽራ ሊያስተኙ ነው?» ብዬ ስቀልድባቸው፣ «እሳት ሳይጠሩት ነው ሠርግ የሚመጣው፣ ልጄ» ይሉኛል። የተቃጠለ ሰው በብዛት ከመጣ ደግሞ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፤ በር ላይ ቆመው በሐምራዊው የቁስል ቀለም የእያንዳንዱን ሰው ግራ እጅ አንጓ ይነካሉ፣ አንድ ነጥብ «ይቆይ»፣ ሁለት ነጥብ «ይቅደም» ማለት ነው። «የሚጮኸውማ ትንፋሽ አለው፣ ዝም ያለውን እዪ» ይሉኝ ነበር።

በስልሳ ስድስት ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሞቱ፣ አምርሬ አለቀስኩላቸው። የቀለም ጠርሙሳቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ጥር ሲገባ አንሶላውን የቀቀልኩት፣ እንስራውንም የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እሳት ይመጣል ብዬ ሳይሆን ናፍቀውኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት እግር ሰማሁ፣ ብቅ ብል ማንም የለም። ቀጥሎ እንስራው ዘንድ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ፣ እዚያም ማንም የለም፣ ጣሳው ግን እርጥብ ነበር። ገና ጣሳውን እንደያዝኩ የመኪና ክላክስ ጮኸ። ሳጉሬ የሠርግ ዳስ ተቃጥሎ፣ ከድር የሚባል ሾፌር አሥራ አራት ሰው በጭነት መኪናው ጭኖ ደረሰ።

ሐኪማችን አንድ ነው፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ በር ላይ የምለየው እኔ ነኝ። ክንዱ የተላጠ ሰውዬ ጩኸቱ አንጀቴን በላው፣ እሱን ላስገባ እጁን ብይዝ አንጓው ላይ አንድ ሐምራዊ ነጥብ አለ። የሚቀጥለውም ላይ አንድ። ጥግ ላይ ፋጡማ የምትባል ወጥ ሠሪ ጸጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ቃጠሎዋ ያን ያህል አያስፈራም፣ እጇ ላይ ግን ሁለት ነጥብ። ቀረብ ብዬ ሳያት አፍንጫዋ ጥላሸት ሞልቶታል፣ ድምጿም ሰልሏል። እሷን አስቀደምኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ከትቶ ሲጨርስ፣ «ትንሽ ብትዘገዪ ታፍና ነበር» አለኝ። አንሶላውም ውሃውም ለሁሉም በቃ።

«ማነው ቀለም የነካቸው?» ብዬ ከድርን ጠየቅኩት።

«የእናንተው ሽማግሌ ናቸው እንጂ፣ እግራቸውን የሚጎትቱት። መንገድ ላይ አስቁመውኝ ከኋላ ወጡ። ወላሂ፣ ሲወርዱ ግን አላየኋቸውም» አለኝ።

ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። ቁም ሣጥኑን ብከፍት ጠርሙሱ እንደታሸገ ነው፣ ቡሹ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

አመሻሽ ላይ እጄን ስታጠብ ነው ያየሁት፤ እኔም ግራ አንጓዬ ላይ አንድ ነጥብ ነበረኝ። ብፈትገው አልለቅ ብሎ ሳምንት ቆየ። ጋሼ ይወዱኝ ነበር፣ «ትቆይ» ማለታቸው ነው ብዬ አለቀስኩ። እስከ መቼ እንደምቆይ ግን አልነገሩኝም፣ ዛሬም እጄን ስታጠብ ቀድሜ ግራውን አንጓ አያለሁ፣ ሁለት ሆኖ እንዳይጠብቀኝ።